ከትከሻ ወደ ጉያ፦ ጠመንጃችን ምስክሩን እንዴት አጣ?

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ማታ አሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ደወለ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። አባቱ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው አጎቴ፣ ከላላ ናቸው። ኔትወርክ በተገኘ ቀን ሦስታችንም አንድ መስመር ላይ እንገናኛለን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ማን እንዳገባና ማን እንደሞተ ካወራን በኋላ ልጁ ሳቅ እያለ «አባዬ፣ ሽጉጥ ገዛሁ» አለ።

ጋሼ ዝም አሉ።

«ትንሿን ነው፤ ሃያ ሁለት የሚሏትን። ለዒላማ ብቻ ናት» ብሎ ቀጠለ። ከዚያ አንዴ ከጀመረ ማን ያስቁመው? ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ መተኮሻ ቦታ ይሄዳል። ቤት ሲመለስ ይፈታታታል፣ አፈሙዟን በብሩሽ ይጠርጋል፣ ዘይት በስሱ ይቀባል። ሞላዋን ቀይሮላታል፤ ምላጯ ሲሳብ እንዳይከብድ አስተካክሏታል። አምስት ዓይነት ጥይት ሞክሮ የትኛው እንደሚስማማት ለይቷል። ስለ በቅሎ የሚያወራ ሰው ነበር የሚመስለው።

ጋሼ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ቀለሁን መልሰህ ትሞላዋለህ?»

«አይሞላም አባዬ። አንዴ ከተተኮሰ ይጣላል።»

«ምን ዓይነት መሣሪያ ነው ታዲያ!» አሉና ትንሽ ቆይተው ሁለተኛውን ጠየቁ፦ «መያዝህን ማን ያውቅልሃል?»

«ሱቁ ፎርም አስሞልቶኛል፤ ስሜም ተጣርቷል። የምተኩስበት ክበብም ያውቃል።»

«ጎረቤትህስ?»

«ኧረ ጎረቤቴ ስሜንም አያውቅ!»

ጋሼ «እህ» ብለው ወሬ ቀየሩ።

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከዚያ ማታ ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጡም። የመጀመሪያው የዕቃ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ግን የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ በየከተማችንና በየገጠራችን ከምናየው ነገር ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍበት። ታገሱኝ።

፩. የቀለሁ ጥያቄ

ሃያ ሁለት የምትባለው ጥይት ስፋቷ 5.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እኛ ከምናውቃቸው ጥይቶች የምትለየው በትንሽነቷ ብቻ አይደለም። በምንሽርም ሆነ በክላሽ ጥይት ላይ መቀጣጠያው ከቂጡ መሐል ተለይቶ ተተክሏል፤ መርፌው መሐሉን ይመታዋል። በሃያ ሁለት ግን መቀጣጠያው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ተቀብቷል። መርፌው ጠርዙን ጨፍልቆ ነው የሚያፈነዳት። ጠርዙ እንዲጨፈለቅ ስስ መሆን አለበት፤ ስስ ስለሆነ ደግሞ ኃይለኛ ባሩድ አይችልም። አንዴ ከተጨፈለቀ በኋላ በቤት ውስጥ መልሶ መሙላት የማይታሰብ ነገር ነው።

የጥገናዋም ጠባይ ከዚሁ ይመጣል። እርሳሷ ብዙ ጊዜ ያለ መዳብ ልብስ፣ በሰም ቢጤ ተቀብታ ስለምትመጣ ቆሻሻዋ ብዙ ነው፤ ካልተጠረገች ትነክሳለች። በብዙዎቹ ዓይነት ላይ ባዶዋን ምላጭ መሳብ አይመከርም፤ መርፌው የጎሬውን ጠርዝ እየመታ ያበላሸዋል። አልተኩስ ስትልም ቶሎ አይከፍቷትም፤ አፈሙዟን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ትንሽ ይጠብቃሉ፤ ዘግይታ ልትፈነዳ ትችላለችና። የአጎቴ ልጅ ይህን ሁሉ ተምሯል። ረጋ ያለ ሰው መዝናኛ ናት። በኦሊምፒክ የ25 ሜትር የሽጉጥ ውድድር የሚተኮሰውም በዚችው ጥይት ነው።

በእኛ ደጋ ግን ሥር አልያዘችም። ምክንያቱ የጋሼ ጥያቄ ውስጥ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1887 አሜሪካ ውስጥ ዛሬ በዓለም ላይ የምትሸጠው ሃያ ሁለት ጥይት ገበያ ላይ ዋለች። በዚያው ዓመት አርተር ራምቦ የሚባል ገጣሚነቱን የተወ ፈረንሳዊ ነጋዴ 2,000 ያህል አሮጌ ጠመንጃ በግመል ጭኖ፣ ከታጁራ በአፋር በረሃ አቋርጦ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ እንጦጦ ደረሰ። እዚያ ጥይት በሣጥን የሚገዛ ሸቀጥ ሆኖ ነበር፤ እዚህ ጥይት ራሱ ገንዘብ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መግቢያ ላይ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን የብር መንዛሪ ሆኖ በገበያ ያገለግል እንደነበር ተጽፏል። ቀለህ አይጣልም፤ ይለቀማል፣ ይሞላል፣ እንደገና ይተኮሳል። የሚጣል ቀለህ ማለት ለዚያ ሰው የሚጣል ሳንቲም ማለት ነው። ጋሼ ያን ዘመን አልደረሱበትም፤ ጥያቄው ግን ከአያታቸው ወርዶ እሳቸው ጋ ደርሷል።

፪. መቅደላ ላይ የተተኮሰችው ሽጉጥ

ስለ ሽጉጥ ከተነሣ የኛ አገር ስመ ጥሩ ሽጉጥ የተተኮሰችው ከከላላ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚሁ በደቡብ ወሎ ደጋ፣ መቅደላ አምባ ላይ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ ሞርታር በብዙ ሺህ ሰው ጉልበት እየጎተቱ ወደ መቅደላ አወጡ። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነው፤ ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ተኝቷል። ንጉሡ በሕይወታቸው ትልቁን መሣሪያ ለማሠራት ብዙ ደከሙ፤ ሕይወታቸው ያለፈው ግን በትንሿ መሣሪያ ነው። ሽጉጧን የላከችላቸው ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። በቆንሲል ካሜሩን እጅ የመጣች ስጦታ ስትሆን፣ ለቀድሞው ቆንሲል ለፕላውደን ስላደረጉት ቸርነት ምስጋና መሆኗን የሚገልጽ ጽሑፍ ነበረባት። ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. መግቢያ ለንግሥቲቱ የጻፉት ደብዳቤ ለረጅም ጊዜ ሳይመለስ ቆየ፤ ንጉሡ ተቆጡ፣ ቆንሲሉን አሠሩ፣ የናፒየር ጦር መጣ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ሜዳ ላይ የእንግሊዝ ጦር ስናይደር የተባለውን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት ተጠቀመበት። ከቴዎድሮስ ወገን 700 ያህል ሰው ሞተ። «ሰናድር» የሚለውን ቃል አያቶቻችን ያገኙት ከዚያ ጠመንጃ ስም ነው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በፋሲካ ማግሥት፣ ቴዎድሮስ በስጦታዋ ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያቺ ሽጉጥ ስም ነበራት። ማን ለማን፣ ለምን እንደሰጣት ተጽፎባታል። የሰጪዋም የተቀባዩም ክብር በአደባባይ ተያይዞባታል። የመሣሪያ ትልቅነት በዚያ ዘመን በመጠኑ ብቻ አይለካም ነበር፤ በማን እጅ እንዳለ በመታወቁም ይለካ ነበር።

ወሎ ግን ይህን ታሪክ በቴዎድሮስ ዓይን ብቻ እንደማያየው መዘንጋት የለበትም። መቅደላ የወሎ መኳንንት ልጆች በመያዣነት የታሠሩበት አምባ ነበር። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከዚያ አምልጠው ሲወርዱ የተቀበለቻቸው የወሎዋ ወርቂቱ ናት፤ ልጇን በዚያ ምክንያት አጥታለች። ለኛ ደጋ ጠመንጃ ከመጀመሪያውም የኩራትም የሐዘንም ዕቃ ነው። ሁለቱን ለያይቶ የሚተርክላችሁን ሰው ብዙ አትመኑት።

፫. «ይዘህ ና»

ከመቅደላ በኋላ የመጡት ነገሥታት ትምህርቱን ወስደዋል። ናፒየር ሲወጣ ለትግራዩ ካሣ ምርጫ የተወላቸው መድፎችና ጠመንጃዎች ካሣ ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ሆነው እንዲነግሡ ረድተዋቸዋል። ምኒልክ ደግሞ ከፈረንሳይም ከጣሊያንም፣ ከነጋዴም ከመንግሥትም ገዙ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ፣ ውጫሌ ላይ የተፈረመውን ውል ሁላችንም የምናውቀው በአንቀጽ 17 ነው። አንቀጽ 6ን ግን ብዙ ሰው አያነሣውም፤ በምጽዋ በኩል የጦር መሣሪያ ማስገባት ለምኒልክ ብቻ የተፈቀደ እንዲሆን የሚለው እሱ ነው። በአንድ ውል ውስጥ አንዱ አንቀጽ ነፃነት ሊወስድ፣ ሌላው አንቀጽ ነፃነት ማስጠበቂያ ሊያስገባ!

መስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲታወጅ የሸዋ ጦር በጥቅምት እንዲገናኝ የተቀጠረው ወረኢሉ ላይ ነበር፤ የከላላ ጎረቤት። ዐድዋ ላይ ጠመንጃ ይዞ የተሰለፈው ሰው ከ70 ሺህ እንደማያንስ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ያ ሁሉ ጠመንጃ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የወጣ አልነበረም። ብዙው በየጌታው ቤት፣ በየባላገሩ ቤት ተሰቅሎ የኖረ ነው። መንግሥት «ያለህን ይዘህ ና» ማለት የቻለው ማን ምን እንዳለው ስለሚታወቅ ነው።

የጠመንጃዎቹን ስም አስታውሱ፦ ሰናድር ከስናይደር፣ ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ፣ አልቢን ከአልቢኒ፣ በልጅግ ከቤልጅግ አገር። ሕዝቡ እያንዳንዱን በስሙ፣ በድምፁ፣ በዕድሜው ያውቀው ነበር። ከሩቅ ሲተኮስ «ይሄ የእገሌ ውጅግራ ነው» ይባል ነበር ሲሉ ሽማግሌዎች ነግረውኛል። በድምፅ የሚታወቅ መሣሪያ ይዞ ተደብቆ ወንጀል መሥራት ቀላል አይደለም።

፬. ምስክር ያለው ጠመንጃ

ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት ከላላ እሄድ ነበር። የጋሼ ምንሽር ከምሰሶው ላይ፣ ከእንግዳ መቀመጫው ፊት ለፊት ተሰቅሎ ነበር የሚውለው። የሚወለወለውም ደጅ ነው። ለአረፋ ዋዜማ ጋሼ አጎዛቸውን ግቢው መሐል ያነጥፋሉ፤ ጥይት አለመጉረሱን ሁለት ጊዜ ያያሉ፤ ከዚያ ጨርቅ በዘንግ እየጠቀለሉ አፈሙዙን ይጠርጋሉ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አይተዉትም። ሰደፉን በእጃቸው እያሹ ያወዙታል። የሚያልፍ ጎረቤት ይቆማል፣ ቡና ይጠራል፣ ስለ ጠመንጃው ይወራል። «ባሩዱ ጥቁር በነበረ ጊዜ አፈሙዙ በፈላ ውሃ ካልታጠበ ባጭር ቀን ይዝግ ነበር» ይሉናል ከአባታቸው የሰሙትን።

ያኔ ጽዳት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያ ደጅ ላይ መወልወል ራሱ ምዝገባ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ጠመንጃው እንዳለ፣ ስንት ጥይት እንደቀረው፣ ማን እንደሚነካውና ማን እንደማይነካው ያውቃል። ከጋሼ ልጆች አንዱ ተቆጥቶ ጠመንጃ ቢያነሣ ከምሰሶው ላይ መጉደሉን የሚያየው ሰው ብዙ ነው። ሰው ቢሞት፣ ደም ቢፈስ፣ አበጋሮች ሊያስታርቁ ሲቀመጡ «በማን መሣሪያ?» የሚለው ጥያቄ መልስ አለው። የወሎ አበጋር የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ደም የሚያደርቀው በእርግማንና በምርቃት ብቻ አልነበረም፤ እውነቱን በማወቅም ነበር። እውነቱ ደግሞ ይታወቅ የነበረው መሣሪያው የሚታይ ስለነበረ ነው።

ያን ዘመን አላሞካሽም። በዚያ በሚታየው ጠመንጃ ስንት ቤት በደም መላሽ ተዘግቷል። ሽፍታው ባላገሩን ዘርፎበታል። ነፍጠኛው በደቡብ ገባሩን ገዝቶበታል። ጥቅምት 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የንጉሥ ሚካኤል የወሎ ጦርና የሸዋ ጦር ተጨራርሶበታል። ጠመንጃ መታየቱ አልገደለም ማለት አይደለም። ግን ገዳዩ ይታወቅ ነበር። የሚታወቅ ገዳይ ይካሳል፣ ይሰደዳል፣ ይታረቃል፣ ወይም ይቀጣል። ነገሩ መጨረሻ አለው።

፭. «አምጣ» እና «ይዘህ ና»

ታዲያ ይህ ሥርዓት እንዴት ፈረሰ? ብዙ ሰው «ዘመናዊነት ነው» ይላል። እኔ ሌላ ምክንያት አለኝ።

ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን ተመልከቱ። ከወረራው ዋዜማ ጀምሮ ኃያላኑ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ፤ ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፣ እኛ አልነበረንም። በቤት የተሰቀለው አሮጌ ጠመንጃ ያኔ የአገር የመጨረሻ መተማመኛ ሆነ። ፋሺስቱ ከገባ በኋላ ቀዳሚ ሥራው ያደረገው ደግሞ ያንን ጠመንጃ ማስፈታት ነበር። አርበኛው ያልሰጠው ነው። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመንጃ መደበቅ የጀግንነት ሥራ ሆነ፤ ጠላት ነበርና ተገቢ ነው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ የራሳችን መንግሥታትም በየተራ ያንኑ መንገድ መሄዳቸው ነው። በ1967ቱ ለውጥ ማግሥት ባላባቱን መሣሪያ አስረክብ ተባለ፤ ሶማሊያ ስትወር ደግሞ በ1969 ዓ.ም. ያው ባላገር ሚሊሻ ሆኖ ታጥቆ እንዲዘምት ተጠራ። 1983 ዓ.ም. ሲመጣ እንደገና ቆጠራና ማስፈታት መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ ለታመነው ሚሊሻ ማስታጠቅ። በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጣ፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል መሆኑ በግልጽ ተደነገገ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ የአማራ ክልል መሣሪያ ያለው ሁሉ ይዞ እንዲወጣ ጥሪ አደረገ፤ አዲስ አበባም ነዋሪው መሣሪያውን አስመዝግቦ ሰፈሩን እንዲጠብቅ አሳሰበች። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ልዩ ኃይሉ እንዲበተን ተወሰነ፤ ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልሉ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በ2014 «ይዘህ ና» የተባለው ሰው በ2015 «ለምን ያዝክ?» ተባለ።

እዚህ ላይ የማንም ፖለቲካ ጠበቃ አይደለሁም። መንግሥት መሣሪያን የመቆጣጠር መብትም ግዴታም አለበት፤ ያለዚያ መንግሥት አይባልም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ «ይዘህ ና» እና «አምጣ» እየተፈራረቁበት የኖረ ሰው በመጨረሻ የሚማረው አንድ ትምህርት ብቻ ነው። መደበቅ። ያስመዘገበው ቀድሞ ይጠየቃል፤ የደበቀው አይጠየቅም። ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ባለቤቱን የሚያስከስስ ማስረጃ ሆነ። ስለዚህ ከምሰሶው ወረደ።

፮. ሽጉጥ ማለት የተሸጎጠ ነው

አማርኛችን ብልህ ነው። «ሽጉጥ» የሚለው ቃል «ሸጎጠ» ከሚለው የወጣ ነው፤ የተሸጎጠ፣ የተወሸቀ፣ ጉያ የገባ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ጠባዩን ይናገራል። «ጠመንጃ» የሚለው ቃል ደግሞ፣ የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ በዐረብኛ በኩል የመጣ የቱርክ ቃል ነው፤ ቱርኮች «ታባንጃ» የሚሉት ሽጉጥን ነው። ከቱርክ ሽጉጥ የሚል ቃል ተቀብለን በትከሻ ለሚያዘው ረጅሙ መሣሪያ ሰጠነው። ከዘመናት በኋላ የቱርክ ሽጉጥ ራሱ መጣ፤ አሁን ግን በኮንትሮባንድ፣ በነዳጅ ቦቴና በእህል ጭነት ውስጥ ተሸጉጦ።

ባለፉት ዓመታት «ይህን ያህል የቱርክ ሽጉጥ ተያዘ» የሚል ዜና ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ከእነዚህ ውስጥ የተወሰኑት ለባዶ ድምፅ ማሰሚያ ተብለው የተሠሩና በኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተለወጡ መሆናቸውን የዘርፉ አጥኚዎች ጽፈዋል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ብረቱ ለዚያ ኃይል አልተሠራም። እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ጽዳት አያድነውም፤ ማስተካከልም አያድነውም። ከመጀመሪያው መሣሪያ አልነበረማ!

እንዲህ ያለውን የሚይዘው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ወጣት ነው። መኪና የሚያሽከረክር፣ ገንዘብ የሚያመላልስ፣ ወይም መታገትን የሚፈራ። ፍርሃቱን አልንቅበትም፤ መንገዱን እኔም እሄድበታለሁ። ግን አስተያዩት። ደጅ አይወለውለውም። ከእናቱ ይደብቀዋል። የሚያስተምረው ሽማግሌ የለም፤ «ጥይት መጉረሱን ሁለት ጊዜ እይ» የሚለው የለም። ዒላማ አይለማመድበትም፤ ድምፁ ያሳብቅበታል። የሚተኩስበት የመጀመሪያ ቀን ሰው ላይ የሚተኩስበት ቀን ነው።

አሁን የአጎቴን ልጅ ሽጉጥ መልሳችሁ አስቡት። ትንሽ ናት፤ ኃይሏም ከሁሉ ያነሰ ነው። ግን ስሙ ተጣርቷል፣ የሚተኩስበት ቦታ አለ፣ የሚያስተምረው ሰው አለ፣ ዘይቷን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ይቀባታል። ያም ሆኖ ጋሼ አልረኩም፤ «ጎረቤትህስ?» አሉ። አሜሪካም ለዚህ ጥያቄ መልስ እንደሌላት በየጊዜው የምንሰማው ዜና ይነግረናል። ወረቀት ብቻውን ምስክር አይሆንም። ጎረቤት ብቻውንም ዛሬ አይበቃም። ሁለቱ ካልተገናኙ ግን የቀረን ጉያ ብቻ ነው።

፯. ምን ይሻላል?

«ታዲያ ሁሉንም ሰብስቦ ማቃጠል ነው» የሚሉ አሉ። በተለይ ከተማ ያደጉ ወዳጆቼ። ሐሳቡን አከብራለሁ፤ መሣሪያ የሌለበት አገር እኔም እመኛለሁ። ግን ከታሪኩ የተማርነው ነገር ቢኖር በግድ የተሰበሰበው ሁልጊዜ የሚታየው መሆኑ ነው። ፈታሽ ሲመጣ የሚያገኘው የጋሼን ምንሽር ነው፤ ጉያ ያለውን አያገኘውም። ታማኙ ይፈታል፣ ደባቂው ይታጠቃል።

«መሣሪያህን እንዳታስረክብ» የሚሉም አሉ። እነሱም ከታሪኩ ግማሹን ብቻ ነው የሚነግሩን። ዐድዋ የሄደው ጠመንጃ የታወቀ ጠመንጃ ነበር፤ ወረኢሉ ላይ ተቀጥሮ በስሙ የተጠራ። የተሸጎጠ ሽጉጥ ዐድዋ አልሄደም። የዐድዋን ክብር ለኮንትሮባንድ ሽጉጥ ማልበስ ለሁለቱም አይሆንም።

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ማስመዝገብ ወጥመድ መሆኑ ይቅር። ያስመዘገበ ሰው በማግሥቱ ተጠርጣሪ እንደማይሆን ሕጉም ተግባሩም ያረጋግጥለት። ምዝገባው በጣቢያ መዝገብ ብቻ ሳይወሰን የአካባቢው ሽማግሌዎችና አበጋሮች ባሉበት ይሁን፤ ማን ምን እንደያዘ ጎረቤቱ ይወቅ። መንግሥትም «ይዘህ ና» ሲል የገባውን ቃል «አምጣ» ሲል አይርሳ። ይህ በአንድ ዓመት አይሆንም። በማስፈራራትም አይሆንም። እምነት ለመመለስ ከፈረሰበት ጊዜ የሚበልጥ ጊዜ ይፈልጋል።

በዚህ ዓመት ከላላ ሄጄ ነበር። ቡና እየተፈላ ዓይኔ እንደ ልጅነቴ ወደ ምሰሶው ሄደ። ምስማሩ አለ። ምንሽሩ የለም።

«ጋሼ፣ ጠመንጃው የት ሄደ?» አልኳቸው።

ሰባ ዓመት ሙሉ የመንደሩን ጠመንጃ ሁሉ በስሙ የሚያውቁት ሰው ወደ በሩ ተመለከቱ፤ ከዚያ ወደ እኔ።

«አላውቅም» አሉ።

እያወቁ ነው ያሉት። እኔም እንደሚያውቁ አውቃለሁ። ሁለታችንም ቡናችንን ጠጣን።